ያላጠፋሁት ቴፕ

ሌላው ሰው ፊደል የቆጠረው ቄስ ወይም አስተማሪ ፊት ተቀምጦ ነው። እኔ የአማርኛውን ጢም ካወጣሁ በኋላ በማታ ትምህርት፣ የእንግሊዝኛውን ደግሞ ከመኪና ቴፕ ነው የቆጠርኩት። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ። ይሳቅ። እስከ ዛሬ የሳቀብኝ ሰው ቢሰለፍ ከወልድያ መናኸሪያ እስከ መርሳ ይደርሳል።

ለእውቀት ጓጉቼም አልተማርኩም። ዓመታት ሙሉ የሰው መኪና በር ላይ ተንጠልጥዬ «መርሳ፣ መርሳ» እያልኩ ስጮህ ኖርኩና መንጃ ፈቃድ ላወጣ ብሄድ የክፍል ማስረጃ አምጣ አሉኝ። ጦሜን ሳድር ማስረጃ የጠየቀኝ አልነበረም። ንዴቴን ይዤ የማታ ትምህርት ገባሁ። ያስተማሩኝ መምህር ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ትዕግሥታቸው የሚያናድድ ሰው ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ቢቆጡኝ ጥሎ መሄጃ ምክንያት አገኝ ነበር። እሱንም ከለከሉኝ።

ከስንት ዓመት በኋላ የራሴ የምላትን ሚኒባስ ያዝኩ። ጃፓን አገር ስትሠራ ኖራ የመጣች ናት። ቴፑ ከፋብሪካ አብሯት የመጣ፣ ስክሪን ያለው ነው። ቁልፉ ሲዞር አንዲት ሴት በጃፓንኛ የሆነ ነገር ትናገራለች። ምን እንደምትል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ብቻ በዚህ ምድር ላይ እንደሷ በትሕትና ያናገረኝ የለም።

ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ጃፓንኛ ነበር። የተማረ የሚመስል ተሳፋሪ ጋቢና በተቀመጠ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ ከዚያ «ይሄን እንኳ እኔም አላነበውም» አለኝ። ያን ቀን እስከ መርሳ እየሳቅኩ ነዳሁ። እኔና የተማረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ደንቆሮ ሆንን።

ከብዙ መነካካት በኋላ አንዱን ቁልፍ ስጫነው ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። ያኔ ደብተር ገዛሁ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል ፊደል በፊደል እንደ ሥዕል እገለብጥና አጠገቡ ምን እንደሚሠራ በአማርኛ እጽፋለሁ። ይሄ ሲጨመር ደረት ይመታል፤ ቤዝ ነው። ይሄ ሲጨመር ጥርስ ያማል፤ ትሬብል ነው። ባላንስ የሚሉት ድምፁን ከግራ ወደ ቀኝ ይወስደዋል፤ ፌደር የሚሉት ደግሞ ከፊት ወንበር አንስቶ ኋላ ወንበር ላይ ያወርደዋል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አስተካከልኩት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሦስት ይላል፤ የጃፓኗ ሴት እስካሁን ቅሬታ አላቀረበችም።

የቀረኝ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ የስልክ ሥዕል ያለበት። እየነዳ ስልክ የሚያወራ ሹፌር ስለምጠላ «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብዬ ዘለልኩት። ገጽ መዝለል የተማረ ሰው አመል ነው፤ ሳላውቀው ተጋብቶብኛል።

መርሳ፣ መኪና የምናቆምበት ቦታ አጠገብ፣ አንድ የልብስ ስፌት ቤት አለ። አንድ ቀን ተሳፋሪ እስኪሞላ ቴፑን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ፤ ከስፌት ቤቱ አንዲት ሴት መቀስ እንደያዘች ወጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤዙን ቀንስልኝ። መርፌዬ እየዘለለ ነው።»

«መርፌሽ ከዘለለ መኪናሽን አሠሪ።»

«የኔ መኪና ደህና ናት። ያንተዋ ናት የምትንዘፈዘፈው።»

ይህን ብላ በሩን ከፈተች፣ ስክሪኑን አየች፣ በአንድ ጣቷ ቤዙን አወረደችው። እኔ አራት ቀን የፈጀብኝን ነው።

«ተምረሻል?» አልኳት።

«አሥረኛ ክፍል። አንተስ?»

እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አሁን ነው የምማረው» አልኳት። አልሳቀችም። ከወልድያ እስከ መርሳ ከተሰለፈው ሰው አንድ ቀነሰ።

ከዚያ የወንበር ልብስ አሰፋኋት። ሰፍታ ስትጨርስ ጠበበ ብዬ መለስኩት፤ አሰፋችው። ሰፋ ብዬ መለስኩት፤ አጠበበችው። በሦስተኛው «ወንበሩ ነው ወይስ አንተ ነህ ልክ ያጣኸው?» አለችኝ። እኔ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ አግብታ የፈታች ናት። ለመጋባት ስንስማማ የነገረችኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ሽማግሌ ላክ። ግን አባቴ ያን ጊዜ በጣፋጭ አፍ ተታሎ ነው የዳረኝ። ስለ ሰውዬው የተባለው ሁሉ ውሸት ሆኖ ተገኘ። አሁን ማር የሚያዘንብ ሽማግሌ ካየ ከበር ይመልሳል። እኔ ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት ሁለተኛ አላገባም። እንዳይዋሹ ንገራቸው።»

«ካልዋሹ ምን ሊሉ ነው?»

«እውነቱን።»

«እውነቱማ እኔ ነኝ» አልኳት። እኔን እንደ ነኝ አስተዋውቆ ሴት የሚያመጣልኝ ሽማግሌ በሐብሩም በጉባ ላፍቶም ወረዳ አይገኝም።

ሦስት ሰው ለመንኩ። አንዱ ከደጋ የወረዱ አጎቴ ናቸው። ሁለተኛው ወልድያ ጎረቤቴ የሆኑት ሐጂ፤ እሳቸው ያልተናገሩበት ሽምግልና እንደ ሽምግልና አይቆጠርም። ሦስተኛው የማታው መምህሬ ናቸው። አትዋሹ ብዬ ልመክራቸው ስጀምር ሐጂ እጃቸውን አነሱብኝ።

«አንተ ዝም በል። ሙሽራ ሽማግሌ አያስተምርም።»

በቀጠሯችን ጠዋት ሊወስዳቸው ቃል የገባው ጓደኛዬ መኪናዬ ተበላሸች ብሎ ቀረ። እንግዲህ እኔው ልነዳ ነው። ሚስት የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። አጎቴ «በአባቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» ብለው መንገድ ላይ ቆሙ። ነገሩን የፈቱት ሐጂ ናቸው።

«ልጅቷ እንጂ አባትየው አይተውት አያውቁም። እሱ ዛሬ ሹፌር ነው። ሹፌርን ደግሞ ማን ያያል?»

ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ሠርቼ ይህን ከሐጂ በፊት አውቀው ነበር። ኮፍያዬን ዓይኔ ድረስ አወረድኩ።

ቁልፉን ሳዞር የጃፓኗ ሴት ተናገረች። ሐጂ ከኋላ ሆነው «ወአለይኩም ሰላም» አሉ።

«ሐጂ፣ ሰላም አላለችም እኮ» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን አለች?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅህ ምን ያከራክርሃል? መልሼላታለሁ፣ ነድተህ ሂድ።»

ሦስቱም የሚወዱት የተለያየ ስለሆነ መንገዱን አካፈልኳቸው። ከወልድያ እስከ ሲሪንቃ የአጎቴ ነው፤ በመሰንቆ አምባሰል ከፈትኩላቸው። ከሲሪንቃ እስከ መርሳ የሐጂ፤ መንዙማ። ከመርሳ እስከ ውርጌሳ የመምህር፤ ዜና። የሐጂ መንዙማ ያለው ስልካቸው ላይ ብቻ ስለሆነ ሲሪንቃ ስንደርስ ቆምኩና ስልካቸውን በብሉቱዝ ከቴፑ ጋር አገናኘሁት። ስልክ ሳገናኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ በአንድ ሙከራ ተሳካልኝና ኮራሁ። የተቀዳው ከሩቅ ስለነበር ድምፁ ያንሳል። «ጨምር» አሉ፣ ጨመርኩ። «ጨምር» አሉ፣ ጥግ አደረስኩት። ሽማግሌዎቹ ኋላ ስለተቀመጡ በፌደሩ ድምፁን ሁሉ ወደ ኋላ ወሰድኩላቸው።

መርሳን ስናልፍ ስፌት ቤቱ ዝግ ነበር። አባቷ ቤት ናት ማለት ነው። መንዙማው አላለቀም ነበርና ዜናውን ልከፍት እጄን ስሰድ መምህር «ግድ የለም፣ ሐጂ ይጨርሱ» አሉኝ። ሐጂ ሳይጨርሱ ውርጌሳ ልንገባ ሆነ። ትዕግሥተኛ ሰው ተራው ደርሶት አያውቅም።

የአባቷ ቤት ከውርጌሳ በመለስ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። አጥሩ ቅንጭብ ነው፤ ከደረት አይበልጥም። ጥላ ፍለጋ መኪናዋን ግቢው በር አጠገብ አስጠጋኋት። ሐጂ መንዙማውን ስልካቸው ላይ አቁመው ወረዱ፤ ተንሸራታቹን በር እንደተከፈተ ተዉት። እኔም ሙቀቱ ከባድ ነውና አልዘጋሁትም። ቴፑ አልጠፋም፣ ድምፁም አልወረደም። ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

አባትየው ወጡ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ነጠላቸውን በደንብ ያጣፉ ሰው ናቸው። ዛፉ ሥር በርጩማ ተደረደረ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ።

«ሹፌሩስ?» አሉ አባትየው። «በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ ከሚቀመጥ ይግባ እንጂ።»

«ይተዉት» አሉ አጎቴ። «ሰው አይወድም።»

ያን ቀን ከሽማግሌዎቼ የሰማሁት አንድ እውነት ይኼ ነው።

ሐጂ ጀመሩ። ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጉዳዩን ካቀረቡ በኋላ እኔን ማመስገን ያዙ። በቅንጭቡ በኩል አንዱም ቃል አላመለጠኝም። ልጃችን እርጋታው እንደ ሐይቅ ውኃ ነው አሉ። ቁጣ የሚባል ነገር በደጁ አላለፈም አሉ። አንደበቱ ቅቤ ነው አሉ። የሚያወሩለትን ሰው እኔም ባውቀው ደስ ባለኝ። መምህር በመሐል «ትጉህ ተማሪ ነው» ቢሉም ሐጂ በቅቤው ላይ ቅቤ ሲጨምሩ ተዋጡ።

አባትየው እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ አውቃለሁ» አሉ። «እሱም ቅቤ ነበር። ፀሐይ ሲነካው ቀለጠ።»

አለቀልኝ አልኩ። ነገ መርሳ ቆሜ ቴፕ ስከፍት ማን ቀንስ እንደሚለኝ አሰብኩ። የሚለኝ የለም።

በዚህ መሐል መኪናዋ ጮኸች። ከኋላ ካሉት ስፒከሮች ሁሉ የስልክ ጥሪ ነው የሚወጣው። ቅንጭቡ ላይ የነበሩ ወፎች ተነሱ። ሐጂ ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ፣ አረንጓዴውን ተጫኑ፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም።»

ለሳቸው ነው የማይሰማው። በመኪናዬ በኩል ውርጌሳ ድረስ ይሰማል። የደወሉት ባለቤታቸው ናቸው፤ እኔ እትዬ የምላቸው።

«ሐጂ፣ እንዴት ሆነላችሁ? ሰጡት ወይስ መለሷችሁ? እኔስ ከጠዋት ጀምሬ ዱአ እያደረግኩ ነው። ግን ለዚያ ኮምጣጣ ሹፌር ልጁን የሚሰጥ ማን አለ? ደህና አደርክ ሲሉት ‹ምን ደህና አለ› የሚል ሰው። እሱን የምታገባ ሴት ጆሮዋን እናቷ ቤት ትታ ትግባ።»

ቁልፉን አንድ ጊዜ ባዞረው ያበቃ ነበር። አላዞርኩትም። መጀመሪያ ስለራሴ ሲወራ ልስማ ብዬ ነው። ቀጥሎ ተናደድኩ። መኪናዋ ለካ ድምፅ መቀበያም አላት።

«እትዬ፣ እኔ ምን በደልኩዎት?» አልኩ ወደ ስክሪኑ።

«ማነው? አንተ ነህ? የሐጂን ስልክ ምን ትሠራበታለህ?»

«እኔ አልያዝኩትም። መኪናዋ ናት ያነሳችው።»

«መኪና ስልክ ያነሳል? ደግሞ መዋሸት ጀመርክ?»

«እኔ ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»



«እሱማ እውነት ነው። ምነው አንዳንዴ እንኳ በዋሸህ። ለልጄ ሠርግ የለበስኩትን ቀሚስ ድንኳን ይመስላል ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«ይመስላል።»

«አየኸው? አየኸው አፍህን?»

«ታዲያ ለእንዲህ ያለ ሰው ዱአ ምን ያደርግለታል?»

«ለምን አላደርግ? መርሳ ልጄ ዘንድ ሄጄ ትንፋሼ ሲያጥርብኝ፣ ጎርፉ መንገዱን በቆረጠው ቀን፣ አዝሎ ያሻገረኝ ማን ነው? ውኃው መሐል ቆመህ ‹ከበዱኝ፣ ትንሽ ቢቀንሱ ምን ነበር› እያልከኝ። ከዚያ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሦስት ቀን ስትቀመጥ ለምን ሥራህ አትሄድም ብልህ መኪናዬ ተበላሽታ ነው አልከኝ። መኪናህ ደህና እንደነበረች ሐጂ ኋላ ነግረውኛል። እና ዋሽቼዎት አውቃለሁ ትለኛለህ። ያቺን አንዷን ዋሽተኸኛል።»

ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል። አጎቴ ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። ሐጂ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው እንደ እባብ እያዩት ነው። መምህር ፊታቸውን አዙረዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እሷ ቤቱ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ያን ጊዜ ቁልፉን አዞርኩት።

አባትየው ወደ መኪናዋ መጡ። ወርጄ ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ሴትዮዋ ማን ናቸው?»

«የሐጂ ባለቤት።»

«እንዲህ እንዲሉ ተመክረው ነው?»

«አልተመከሩም። ስልኩ ሳላውቀው በመኪናዋ በኩል ወጣ።»

«ኮምጣጣው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀሚሱ እውነት ድንኳን ይመስል ነበር?»

ሐጂ ከኋላ ሆነው በዓይናቸው ለመኑኝ። «አዎ» አልኩ።

የአባትየው ጢም ትንሽ ተነቃነቀ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ እኔም አልልም። በሁለት ሳምንት ተመለሱ። ግን ቅቤውን እዚያው ተዉት። ከሦስታችሁ አንዱ ይቅርና በቦታው እኚያ ሴትዮ ይምጡ።»

«ሴት ሽማግሌ ሆና በአባቶቻችን» ብለው አጎቴ ጀመሩ።

«ሹፌርም ሙሽራ ሆኖ አጥር ሥር ተቀምጦ አያውቅም» አሉ አባትየው።

ስንመለስ መምህር የዜና ተራቸው ደረሰ፤ ግን ማንም አላዳመጠም። እስከ ሲሪንቃ ማን ይቅር በሚለው ሲከራከሩ ቆዩ። በመጨረሻ ሐጂ ራሳቸው «እኔ ልቅር» አሉ። «ከእንግዲህ እዚያ ቤት ብናገር ሰላምታዬንም የሚያምን የለም።» መምህር ግን የደብተሬን ነገር ያውቃሉና ሲወርዱ ትከሻዬን ይዘው «የዘለልከው ገጽ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። ሲቆጡኝ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እሱም ቁጣ ከተባለ።

በሁለት ሳምንቱ እትዬን ልወስድ ቤታቸው ሄድኩ። ያንኑ ቀሚስ ለብሰው ወጡ። በሩ ላይ ቆመው ግራና ቀኝ ዞሩልኝ።

«ዛሬስ ምን ይመስላል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ይዋሽ ነበር።

«ድንኳን» አልኳቸው። «ግን የሠርግ።»

«አፍህ ይድረቅ» አሉና ስቀው ጋቢና ገቡ።

ግቢው ዛፍ ሥር ሲደርሱ እትዬ ንግግር አላበዙም። «አመሉ ክፉ ነው፣ ጉልበቱ ደህና ነው፣ ሌላውን ሰምታችኋል» ብለው ተቀመጡ። አባትየው መረቁን። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እኔ ግን «አንደበቱን እግዜር እንደ ፈጠረው ይተውለት፣ ልጄም ትቻለው» የሚለውን ያዝኩ።

ያን የስልክ ገጽ አሁን አንብቤዋለሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እሷ ጣቷን እያሳየች፣ እኔ ደብተሬ ላይ እየገለበጥኩ። ስልክ በመኪናዋ እንዳይነሳ የሚያደርግ ቁልፍ እዚያው ነበረ። «አጥፋው እንጂ፣ ሁለተኛ እንዳታዋርደን» ትለኛለች። እስካሁን አላጠፋሁትም። ቤዙን ግን መርሳ ስገባ አወርደዋለሁ፤ መርፌ ይዘላል።